ወይንሸት በቀደመችኝ መንገድ

ይህን የምጽፈው ቢቸናንና ሞጣን ሄደው ለማያዩ አንባቢዎች ነው። ከአንባቢዎቼ መካከል ግን ሁለቱንም ከተሞች ከእኔ በፊት ያየች፣ ከእኔ አብልጣ ያየች፣ አይታም የጻፈች አንዲት ሴት አለች። እሷ የመንገዱን ነገር ብትዘለው አልቀየማትም። መጨረሻውን ግን ታንብብልኝ።

ለምን እንደ ሄድሁ አስቀድሜ ልናገር። አንድ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነበር። ታሪኩ በጃንሆይ ጊዜ ቢቸና አጠገብ ቅኔ ሲማር ስላደገ ልጅ ነው። ልጁ ጢሙ ማቀምቀም ሲጀምር ትምህርቱን ጥሎ ይጠፋል፣ አዲስ አበባ ገብቶ የመንግሥት ጸሐፊ ይሆናል። ይህ ልጅ አባቴ ነው። አባቴ አቶ ዓለሙ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ዘመን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቤተ ክርስቲያን ሲስም እንኳ ማኅሌት ከሚቆምበት በኩል አይጠጋም ነበር። ስለዚህ ልጁ ትምህርቱን የጣለበትን ምክንያት ከራሴ ማመንጨት ነበረብኝ። መጀመሪያ በረሃብ አስወጣሁት። ያ አልሆን ሲል መምህሩን አስገረፍሁት። ያም አላረካኝ ብሎ ከአንዲት ልጅ ጋር ፍቅር አስያዝሁት። ሁሉንም ጽፌ ሁሉንም ቀደድሁ።

አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ ጥቂት ጸሐፊዎች አለን። የጻፍነውን እናነባለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እንተቻቻለን። ያን ምዕራፍ ባነበብሁ ቀን ከሁላችን በዕድሜ የምታንሰው ወይንሸት «ልጁን ወድጄዋለሁ፤ የሄደበትን ምክንያት ግን አላመንኩትም» አለች። እውነቷን እንደ ሆነ ስለማውቅ ሳምንቱን ሙሉ ተበሳጨሁ። ከዚያ ወይንሸት ከክበቡ ጠፋች። ቢቸናና ሞጣ ሄዳ ሰነባበተች አሉ። ስትመለስ በዚያው አገር በዚያው ዘመን ስለምታድግ ሴት ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ ይዛ መጣች። መጽሐፉ ታተመ፣ አለቀ፣ እንደገና ታተመ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እያነበበው ሲስቅ አየሁ። ቀናሁ። ለስሜቴ ሌላ የተሻለ ስም ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም።

እሷ ያገኘችውን አገር እኔም ላገኘው ቆርጬ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት በአንድ የጽጌ ሰሞን ተነሣሁ።

ሐሙስ

በማለዳ የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ያዝሁ። ሐሳቤ ደጀን ላይ ወርጄ ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና መቀየር ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የወይንሸትን መጽሐፍ በጋዜጣ ሸፍኜ ይዤ ነበር። ከወጣ ጀምሮ አልከፍተውም ብዬ ምዬ ነበርና አላነበብሁትም። ከሄድሁ በኋላ ግን እሷ የጻፈችውን ደግሜ እንዳልጽፍ ማወቅ አለብኝ። ሱሉልታ ላይ ብርዱ ሲበረታ ጋቢዬን ተከናንቤ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥሁ።

ፍቼ ላይ ቁርስ ብለው ሲያወርዱን መጽሐፉን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ፍርፍር በላሁ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን በረሃውን መውረድ ስንጀምር አጠገቤ ያሉት ሴትዮ አማተቡ፣ ከኋላ ያሉት ልጆች ስልካቸውን አወጡ። ሙቀቱ ሲመጣ ጋቢዬን አወለቅሁ እንጂ ቀና አላልሁም። ዓባይ ድልድይ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮት ሲያዘነብል አውቶቡሱ የተጋደመ መስሎኝ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ በዚያው ሰዓት ከአባቷ ጋር በበቅሎ ጉዳይ ትጣላ ነበርና እሷን ጥዬ ወንዝ ልመልከት አልቻልሁም። አገር የሚያደንቀውን ገደል እንዲህ ሳላየው አለፍሁ።

ቀና ያልሁት ረዳቱ «አምበር፣ የሚወርድ አለ?» ሲል ነው። ደጀን ከኋላዬ ቀርታለች።

አምበር የገበያ ቀን ሆኖ ጠበቀኝ። መንገዱ ዳር ጆንያ ተደርድሯል፣ አህያ ታስሯል። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ መሐል መንገድ ላይ ቆሜአለሁ። መለስተኛ የጭነት መኪና የሚያስጭን ጤፍ ነጋዴ ተመለከተኝና ጠጋ አለ። መኳንንት ይባላል።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«ደጀን አልፋኝ ነው።»

«እንቅልፍ ጥሎህ?»

«መጽሐፍ እያነበብሁ።»

አያ መኳንንት የጫነውን ጆንያ መታ መታ አድርጎ ሳቀ። «መጽሐፍ ሰውን ወደፊት ያራምዳል ሲሉ እሰማ ነበር። ይኸን ያህል ያራምዳል ብዬ ግን አላሰብሁም።»

ወደ ደጀን የሚመለሰው ሲጭን ከዋለ በኋላ ነበር። እስከዚያው አንድ ምግብ ቤት አስገብቶ ጥብስ ጋበዘኝ፤ ልክፈል ብለው ተቆጣኝ። እኔ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ተዘናግቶ መውረጃውን ያለፈ ሰው ከረዳቱ ስድብ በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። ማምሻውን ጋቢና ውስጥ በእሱና በሾፌሩ መሐል ተጣብቄ ደጀን ገባሁ። የቢቸና መኪና አልቆ ስለነበር እዚያው አደርሁ። አልጋ ላይ ሆኜ የተናደድሁት በደጀን ማለፍ አልነበረም። እኔ የጻፍሁትን እያነበበ መውረጃውን የሳተ ሰው ይኖር ይሆን እያልሁ ነው የተናደድሁት።

ዓርብ

ከደጀን ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ ግራ ቀኙ ጤፍ ነው። ሚኒባሱ እንደኛ ከተማ ሚኒባስ አይዋከብም። ሾፌሩ ለሚያውቀው ሁሉ እየቆመ ሰላምታ ይሰጣል፣ ተሳፋሪውም አብሮ ሰላምታ ይሰጣል።

ቢቸና የተቀበሉኝ የአባቴ አጎት ልጅ፣ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ባላቸው ሞተው ልጆቻቸው ባሕር ዳር ስለሚኖሩ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። በአካል ቀርቶ በስልክም አንተዋወቅም ነበር፤ መምጣቴን ያስነገርሁት በዘመድ ነው። በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ዓለሙን ቁርጥ» አሉ። «ግባ ልጄ። ጌታሁን ነው አይደል ስምህ? ያች ልጅ ነግራኛለች።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ወይንሸት ናታ። አብራችሁ ነው የምትጽፉ አሉ። የዓለሙን ዘመድ እያለች ጠይቃ መጥታ እዚህ እኔ ዘንድ ነው የሰነበተች። ከሷ የመጣ ሰው ምንም አይጎድልበትም፣ ቤት ለእንግዳ።»

የተሰጠኝ ክፍል እሷ የተኛችበት፣ ብርድ ልብሱም እሷ የለበሰችው መሆኑ ተነገረኝ። ምሳ ሱፍ ፍትፍትና ሽሮ ቀረበልኝ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ሱፍ ቀምሼ አላውቅም። እትዬ በላይነሽ ግን የምጎርሰውን እየተከታተሉ «እሷ ትሪውን ነበር የምታጸዳው» አሉ። ጠግቤ ነበር፤ ትሪውን አጸዳሁት። ከምሳ በኋላ ጤፍ ሊነፉ ሲነሡ ላግዝዎ ብዬ ወንፊቱን ተቀበልሁ። ጥቂት እንደ ነፋሁ ጫማዬ ላይ ያለው ጤፍ ወንፊቱ ውስጥ ካለው በልጦ ነበር። ወንፊቱን በትሕትና ከእጄ ወሰዱት። «ለሷም አስተምሬያት ነው፤ በሁለተኛው ቀን ለመደችው» አሉ፣ እኔን ለማጽናናት።

እንዲህ ያሉ ደግ ሴት ላይ መቀየም ነውር ነው። እኔ ግን ከሰዓቱን ሙሉ ተቀይሜአቸው ዋልሁ።

ቅዳሜ

አባቴ የተማረባት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ወጣ ብላ ነው ያለችው። እስከ መንገዱ ማብቂያ በባጃጅ ሄድሁ፣ ከዚያ በእግር። ዝናቡ ቢያባራም ጥቁሩ መሬት ገና አልደረቀም። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረና በካልሲ ቆምሁ። አንዲት ሴት ከማሳዋ መጥታ በእንጨት ፈልፍላ አወጣችልኝ። ቤቷ ወስዳ አጠበችልኝ፣ እስኪንጠፈጠፍ ድረስም ባቄላ እሸት አቀረበችልኝ። በእኛ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴን ጫማህ ወድቋል ብዬ ብነግረው ለምን ታየኛለህ የሚለኝ ይመስለኛል።

የቅኔው መምህር፣ የኔታ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቹ በተራ እየቀረቡ የቆጠሩትን ቅኔ ያሰሟቸው ነበር። ቆጠራ የሚሉት አዲስ ቅኔ ማሰብን ነው። ተማሪው ሁሉ በየግሉ ይቀመጣል፣ ነጠላውን ተከናንቦ ያስባል፣ ያሰበውን ይዞ ይመጣል። የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይሠራም። ይህን ስመለከት የራሴ ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። አንዱን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳሞቅሁት ሳስብ አፈርሁ።

ተራው ሲያልቅ የመጣሁበትን ለየኔታ ነገርኋቸው፤ በልብ ወለዴ ውስጥ ልጁ ለምን እንደ ሄደ እንዳጣሁ ጭምር።

«በረሃብ ሄደ ብልስ፣ የኔታ?»

«ተማሪ በረሃብ አይሄድም» አሉ። «ርቦት ነው የሚማር።»

«በዱላስ?»

«ቤቱ ዱላ አልነበረም እንዴ?»

የፍቅሩን ነገር ሳላነሣ ዋጥ አደረግሁት። እሳቸው ግን የገባቸው ይመስል ፈገግ አሉና «በሴት የሚሄድም አለ፤ ግን ተመልሶ ይመጣል» አሉ። «ጨርሶ የሚሄድ ተማሪ ሌላ ነገር ነካክቶት ነው። ነገ እሑድ ከእኔ ጋር ቁም፤ የአባትህን ቦታ አሳይሃለሁ።»

ማታ የወይንሸትን መጽሐፍ ጨረስሁ። ይህ መምህር፣ ይህ ዛፍ፣ ይህ ጥቁር ጭቃ ሁሉ አለበት። ያቺ ጫማ ያጠበችልኝ ሴት እንኳ ያለችበት መሰለኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቅኔ ሲቀርብ የኔታ አጠገባቸው አቆሙኝ። አንድ ሽማግሌ ደብተራ መሐል ወጥተው ቆሙ። ድምፃቸው ከእኔ አላለፈም። ከጎናቸው ግን አንድ ጎልማሳ ዲያቆን ቆሟል። ሽማግሌው አንዲት ስንኝ ሹክ ሲሉት ዲያቆኑ ተቀብሎ በዜማ ይለቃታል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል። ደግሞ ሹክ፣ ደግሞ ዜማ። አንዳንድ ስንኝ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሚያዩት ግን ዲያቆኑን ሳይሆን ሽማግሌውን ነው። ከወዲያ ያለው ሕዝብ ደግሞ ሽማግሌውን ጨርሶ አያያቸውም፤ የሚያየው ዲያቆኑን ነው።

«ዲያቆኑ ተቀባይ ይባላል» አሉኝ የኔታ፣ ስንወጣ። «የሚቀኘው አንዱ፣ የሚያሰማው ሌላው። አባትህ እዚች ቦታ ተቀባይ እንደነበረ አባቶቻችን ይነግሩን ነበር። ድምፁ አገር ያወቀው ነበር አሉ። ለማን ይቀበል እንደነበር የሚያውቁ ሞጣ ያሉት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። አብረው የተማሩ እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩ።»

አባቴ ድምፅ እንደነበረው አላውቅም ነበር። ቤታችን ውስጥ ሲያንጎራጉር እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ስሜቴ ኀዘን መሆን ነበረበት። ነገር ግን ወደ እትዬ በላይነሽ ቤት ስመለስ በልቤ እየዘለልሁ ነበር። በወይንሸት መጽሐፍ ውስጥ ቅኔ የሚቀርብበት ረጅም ትዕይንት አለ። ደብተራው፣ መቋሚያው፣ የሕዝቡ ዝምታ ሁሉ ተጽፏል። ተቀባይ ግን የለም። ደብተራው ብቻውን ቆሞ ብቻውን ያሰማል። ወይንሸት አላየችም፣ ወይም አይታ አልገባትም። መጽሐፉን አውጥቼ ያንን ገጽ ደግሜ አነበብሁት፤ ስሕተቷ ከዶሮ ወጥ ይልቅ ጣፈጠኝ።

ደስታዬ እስከ እራት ድረስ ነበር የዘለቀው። ሞጣ መሪጌታ ጥበቡ ዘንድ እንደምሄድ ስነግራቸው እትዬ በላይነሽ «እሷም እሳቸው ዘንድ ስትመላለስ ነበር» አሉኝ።

ሰኞ

ከቢቸና ሞጣ ሩቅ አይደለም፤ ለቸኮለ ሰው ግን ሩቅ ነው። እትዬ በላይነሽ በሶና ዳቦ ቋጥረውልኝ ሚኒባሱ እስኪነሣ ከመስኮቱ ሥር ቆመው ጠበቁ። ደብረ ወርቅን አልፈን ግንደወይን ስንደርስ ጎማችን ተነፈሰ። ትርፉ ጎማም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ሁለቱንም እያንከባለለ ጎማ ወደሚጠግን ሰው ሄደ፤ እኛ አንዲት ሻይ ቤት ገባን።

እኔ ብቻ ነበርሁ የምቁነጠነጠው። መሪጌታ የአባቴን ነገር ለወይንሸት ነግረዋት ከሆነ ቀጣዩ መጽሐፏ እሱ ነው። የኔን ልጅ፣ የኔን አባት፣ እኔ ያጣሁትን ምክንያት አስውባ ትጽፈዋለች። ሰውም ታክሲ ውስጥ ያነበዋል። ሻይ ቤቷን የምታስተዳድረው ሴት ቁጭ ብድግ ማለቴን አይታ «መርዶ ነው እንዴ የምትሄድበት?» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና።

«አይ፣ ሥራ ነው።»

«ሥራ ከሆነማ ብላ» ብላ ሽሮ በሚጥሚጣ አመጣችልኝ። እዚያ የነበረው መንገደኛ ሁሉ ወደዚያው ትሪ ቀረበ። ያላዘዝሁትን ምግብ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በላሁ። እኛ ከተማ ካፌ ውስጥ ባዶ ወንበር ለመጠየቅ እንኳ ሰው ይፈራል። ሞጣ የደረስሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አልጋ ያዝሁና እግሬን ታጥቤ ተኛሁ።

ማክሰኞ

መሪጌታ ጥበቡ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ሲናገሩ ለመስማት በርጩማዬን ሁለት ጊዜ ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። ልጃቸው እታገኝ ጠላ ቀዳችልኝና አጠገባችን ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅም ጀመር።

«የዓለሙ ልጅ ነህ» አሉ፣ ስሜን ሳልናገር። «ድምፁን አልወረስህም።»

«አልወረስሁም፣ አባ።»

«እሱ ድምፅ ነበረው። እኔ ይኸው እንደምትሰማኝ ነኝ፤ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርሁ። ቅኔው ግን ይመጣልኝ ነበር። እኔ ሹክ እላለሁ፣ እሱ ተቀብሎ ያዜማል። ሊቃውንቱ የሚያዩ እኔን፣ ቆነጃጅቱ የሚያዩ እሱን። እሱ ሊቃውንቱ እንዲያዩት ይመኛል፣ እኔ ቆነጃጅቱ እንዲያዩኝ እመኛለሁ። ተቀናናን። ከአንድ ጎጆ እያደርን፣ ለምነን ካንድ አኩፋዳ እየበላን ተቀናናን።»

እታገኝ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«ኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። የአውራጃው ገዥ መጥተዋል፣ ቦታው ሞልቷል። ያን ዕለት የመጣልኝ ቅኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልመጣልኝ። አንድ አንዱን ሹክ አልሁት፤ ተቀበለኝ። እንደዚያን ዕለት አዚሞ አያውቅም። የመጨረሻዋን ስንኝ ሹክ አልሁት። ዝም አለ። አልሰማኝም ብዬ ደገምሁለት። ዞር ብዬ ባየው ሰምቷል፤ እንባው ባይኑ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። መቋሚያውን ግድግዳ አስደገፈና ወጣ፤ በዚያው ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ያልተፈጸመ ቅኔ ለባለቤቱ ነውር ነው። እኔም በማግሥቱ ተከትዬው ወጣሁ፤ ልማታው ነው ሐሳቤ። እዚሁ ሞጣ፣ ገበያው ላይ አገኘሁት። ሳየው በትሩ ከእጄ ወደቀ። ምነው ዓለሙ፣ ምን በደልሁህ አልሁት። ‹ጣፈጠኝና ዋጥሁት› አለኝ። ሌላ አልተናገረ። እሱ ወዲያ ተሻገረ፣ እኔ እዚህ ቀረሁ።»

 ስንት ዓመት የፈለግሁት ምክንያት ይህ ነው። አባቴን የማውቀው ዝምተኛ፣ ልከኛ፣ በማንም የማይቀና ሰው አድርጌ ነበር። እንዲህ ያለ ቅናት በውስጡ ይዞ እንደኖረ ሳውቅ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድሁት ብል ይቀለኛል። የእኔ ነገር ከየት እንደ መጣ አወቅሁ።

«አልተቀየሙትም?» አልኋቸው።

«ተቀይሜው ነበር። እያደር ሳስበው ግን ከዚያ ወዲህ እሱን ያህል ያደነቀኝ ሰው የለም።»

ከዚያ ጠጋ በል አሉኝ። ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ ያች ስንኝ ግን አልተባለችምና አሁን ብትባል ድጋሚ አይሆንም አሉ። ጆሮዬን አቀረብሁ። ሹክ አሉኝ። ጮክ ብለህ በላት አሉኝ። ግእዝ ባላውቅም አልኋት፤ ዜማ የለም፣ አነባበቡም የተሰባበረ ነው። እታገኝ ሽንብራውን አቁማ አዳመጠች። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ፍቺውን ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም። አባቴን ብሆን ኖሮ እኔም እውጠው ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኝ ነበር። «አባ፣ ይህንን ለወይንሸት ነግረዋታል?»

«ያች ደርባባ? አዎን፤ እስከ ገበያው ድረስ ሁሉንም። እየጻፈች ነበር፤ መሐል ላይ እጇን አቆመች። ‹አባ፣ ይኸ የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ይመጣል› አለችኝ። የተቀባዩን ነገርም ቢቸና አይታው፣ እዚህ እኔን ስትጠይቀኝ ነው የሰነበተች፤ ሰው መጽሐፏን ሲያነብልኝ ሳጣው ጊዜ ምነው ብዬ በስልክ ጠየቅኋት። ‹የሱ መጽሐፍ ላይ ይግባ ብዬ ነው› አለች። ስንኟንማ ልነግራት ብል ጆሮዋን ይዛ ተነሣች። ሲመጣ እንደ አዲስ ይንገሩት፣ እኔ መስማቴን አይንገሩት ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?»

«ሹክ ማለት ነው የምችል ልጄ፤ መዋጥ አልሆነልኝም።»

እታገኝ ምሳ አቀረበች። ምን እንደ በላሁ አላስታውስም። ያ እሑድ የጣፈጠኝ ስሕተት ስጦታ ሆኖ ተገኘ። እኔ የመጽሐፏን ጉድለት እየቆጠርሁ ስደሰት ጉድለቱ ለእኔ የተተወ ቦታ ኖሯል። ሰርቃኝ ቢሆን እጠላትና እገላገል ነበር። አሁን መጽሐፏ ብቻ ሳይሆን ልቧም አስቀናኝ፤ ለዚህኛው ቅናት ደግሞ መንገድም ሆነ መኪና የለም።

ረቡዕ

ከባሕር ዳር በአውሮፕላን መመለስ ይቀለኝ ነበር። እኔ ግን በመጣሁበት ተመለስሁ። ቢቸና ላይ እትዬ በላይነሽ ለወይንሸት ብለው ጤፍ፣ ለእኔ ብለው ሌላ ጤፍ ቋጥረው ጠበቁኝ። የትኛው እንደሚበልጥ በእጄ መዘንሁ። እኩል ናቸው። ዓባይን ስንሻገር ምንም የሚነበብ ነገር አልያዝሁም፤ መጽሐፉን መሪጌታ ቤት ለእታገኝ ትቼው መጥቻለሁ። ድልድዩን እስኪርቅ ድረስ አየሁት።

ምዕራፉን የጻፍሁት በአንድ ትንፋሽ ነው ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ክበባችን ላይ አነበብሁት። ልጁ ገበያ መሐል ቆሞ ከሚላት ቃል ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ አነበብኋት። ስጨርስ፣ ሁልጊዜ የሚነቅፈኝ አንዱ ሽማግሌ ጸሐፊ እንኳ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ወይንሸት ሻይዋን እያማሰለች ነበር። የእሷ ጤፍ እግሬ ሥር ነው።

«አሁን አመንኩት» አለች። ከዚያ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሣ፣ «‹ጣፈጠኝና ዋጥሁት› የምትለዋን ከየት አገኘሃት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ሞጣ፣ የመሪጌታ ደጅ፣ አንቺ ከተውሽልኝ ቦታ ልል ነበር።

«ፈጠርኳት» አልሁ።

ወይንሸት ማማሰሏን አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ታስቀናለህ» አለችኝ።